የማይሰበር ጥላ

ቦራ ይሉታል እዚህ፥ የክረምቱን ነፋስ፤
በእኛ አገር ቦራ፥ ግንባረ ነጭ ፈረስ።
ከካርሶ ድንጋይ ላይ ልጓም በጥሶ ሲወርድ፥
ባሕሩ ግንባሩ ነጥቶ ሲንቀጠቀጥ፥ ሲርድ፥
ትሪየስት በየማዕዘኗ ገመድ ትዘረጋለች፤
አሮጊት እሱን ይዛ ዳቦዋን ገዝታ ትመለሳለች።

ኤጂዲዮ ኮሱታ፥ በዚህ ከተማ ነው
ጃንጥላ ልሽጥ ያለው።

እኔ ሒሳብ ጸሐፊው ነኝ፤ ከሱቁ በላይ ተከራይቼ
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያንን ኪሳራ በመስመር አስገብቼ፥
ወጪ በቀኝ፥ ገቢ በግራ፤
ግራው ገጽ ነጭ ነው፥ እንደ ቦራ።

በመጀመሪያው ዓመት ዘንጉ ወይራ ነበር፤ ነፋሱ እንደ ስንደዶ ቀነጠሰው።
በሦስተኛው ብረት አደረገው፤ ጎበጠ፥ እንደ ሽማግሌ ሰው።
በሰባተኛው ጨርቁን ከመርከብ ሸራ ሰፋ፤
የባንኩ ሰው ሊያይ መጣ፥ ቦራም መጣ፥ ሸራው ጠፋ፥
የባንኩም ሰው ጠፋ።

በዘጠነኛው ዓመት ሚስቱ ኦርኔላ በር ላይ ቆመች፤
ሻንጣዋን በጉልበቷ ደገፍ አድርጋ፥ ምንም አልተናገረች።
በመዝገቡ ኅዳግ በአማርኛ ጻፍኩ፥ ማንም እንዳያነበው፦
«ነፋስ ተነሣ። ጥላው ሄደች።»
የግብር መርማሪ ቢያስተረጉመው እንኳ፥ ዕቃ የጠፋ ነው የሚመስለው።

ቦራ ባደረ ማግስት ከተማው የጥላ መቃብር ይሆናል፤
የቆሻሻው ገንዳ ሁሉ አጥንትና ክንፍ ይሞላል፤
ከባቡር ጣቢያ በአምስት ዩሮ የተገዙ፥
ግማሽ መንገድ እንኳ ያልተጓዙ።
ኤጂዲዮ ጋሪውን እየገፋ ይዞራል፤ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፍበትን
እሱ ያነሣል፥ ይገልጣል፥ ይዳስሳል የተሰበረበትን።
በክር ወረቀት ያስርበታል፦ «ካቫና ሰፈር፥ ጥር ስምንት፤
ሦስተኛው አጥንት፥ ከመገጣጠሚያው በታች ሁለት ጣት።»
«የራሴ ውድቀት አልበቃኝም» ይለኛል፥ «የሰውም እሰበስባለሁ፤
እነሱ ጥለውት ሄዱ፤ እኔ አንሥቼ እማራለሁ።»

«ተወው» አልኩት አንዴ፥ «ጓንት ሽጥ፥ ኮፍያ ሽጥ፤
ዕድሜም ወረት ነው፥ ካለቀ በብድር አይሰጥ።»
መርፌውን በጥርሱ እንደያዘ ሳቀብኝ፤
ከምክሬ ይልቅ የከንፈሩ ነገር አሳሰበኝ።

በዐሥራ አራተኛው ዓመት ጥላው አልሰበር አለ።
ወደቡ ጫፍ ቆሞ ዘረጋው፤ ቦራ ደረሰ፤ ሰውየው እንደ ፋኖስ ተንጠለጠለ፤
ጥላው ደኅና፥ ጌታው ባሕር ውስጥ።
ትከሻው ወልቆ ሲያወጡት፥ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፥ ሲንቀጠቀጥ፥
«ጻፍ!» አለኝ፥ «አልተሰበረም በል!»
የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ ጻፍኩ፥
በቀኝ በኩል።

ከዚያ ወዲያ ጨርቁን ሰንጥቆ እንደ ዓሣ ስንጥብ ሰፋው፤
ነፋስ ሲገፋ የሚከፈት፥ ዝናብ ሲወርድ የሚዘጋ።
«ዐሥር ዓመት ታገልኩት» አለኝ፥ የተቃጠለ ሾርባ እየቀዳ፥ «ለካ በር ይበቃው ነበር።»

ሸጠም። በዐሥራ ሰባተኛው ዓመት ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ፤
ብዕሬ በግራው ገጽ ስትሄድ እንግዳ ሆነባት መንገድ።
በሚቀጥለው ዓመት ዐርባ። ዘንድሮ ስድስት።
ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፥ ሌሊት፥ ቁጥሩን ስመላለስበት፦
የማይሰበር ጥላ የገዛ ሰው
ምን ሊሆን ነው የሚመለሰው?

ስነግረው ዝም አለ። ቀጥሎ እስኪያስለው ሳቀ።

ትናንት አንዲት የአውቶቡስ ነጂ መጣች፥ የመጀመሪያውን ጥላ ይዛ፤
እጀታው ብቻ ዐልቋል፥ ከመዳፏ ጋር ተፋቅሮ፥ ተለዝቦ፥ ተገዝግዞ።
አዲስ እጀታ ገጠመላት። ገንዘብ ብትዘረጋ እጇን መለሰው።
«ይኸን የት ልጻፈው?» አልኩት፥ «ገቢ ነው ወይስ ወጪ ነው?»

አልሰማኝም። በመስኮቱ የማዕዘኑን ገመድ እያየ ነበር፤
አንዲት አሮጊት ይዛው ቆማለች፥ ጓንቷ ሲተረተር።
«ያ ገመድ» አለኝ፥ «እጅ ይልጣል። አስበኸው ታውቃለህ?»

አላሰብኩትም።
ነጭ ገጽ ገለጥኩ።